የጀልባዋ እግር ጉዳይ

ባለፈው ሚያዝያ ሴትራ የምትኖር ጓደኛዬን ልጠይቅ ስሄድ በውሃው ዳር በኩል የሚያልፈውን መንገድ ያዝኩ። ክረምቱን ሙሉ ከውሃ ወጥተው በእንጨት ድጋፍ ላይ የቆሙት ጀልባዎች ልባሳቸው ተገፎ፣ ባለቤቶቻቸው ከሥር ተጎንብሰው ሆዳቸውን ይቀባሉ። ቀለሙ የጥፍር ቀለም፣ የነዳጅና የዛገ ብረት ሽታ አንድ ላይ አለው፤ ጉሮሮ ላይ ይቀራል። ሰው የልጅነቱ ሽታ ሲመጣበት ሆዱ ይባባል ይባላል። እኔ ጥርሴን ነከስኩ። አሥር ዓመት የሞላኝ ጊዜ፣ አባቴና ጋሽ ወርቁ በእንዲህ ያለ ጭቃ ውስጥ ቅዳሜ በቅዳሜ ሲያንከራትቱኝ የከረሙበት ወራት፣ ከነብርዱ ተመለሰብኝ።

የሸራ ጀልባ ሊገዙ ነበር። ጀልባ የሚገዛ ሰው ሞልቷል፤ ያያል፣ ይወዳል፣ ገዝቶ ይሄዳል። የእኛዎቹ ከጥር እስከ ግንቦት የተጨቃጨቁት ከጀልባዋ ሆድ በታች ውሃ ውስጥ ስለሚወርደው ብረት ነው። ስለ እግሯ።

ያኔ የምንኖረው እዚሁ ስዊድን፣ ሻርሆልመን በሚባል ሰፈር፣ ከገበያ ማዕከሉ ጀርባ ካሉት የኪራይ ፎቆች በአንዱ ነበር። አባቴ ታደሰ ሶደርተልየ የጭነት መኪና ፋብሪካ ውስጥ በበያጅነት ይሠራል። ተወልዶ ያደገው ባሕር ዳር ነው፤ አያቴ ከሐይቁ ደሴቶች እንጨት በታንኳ እያመላለሰ ነው ያሳደገው። ጋሽ ወርቁ ደግሞ ምጽዋ ላይ ባሕር ኃይል ውስጥ አሥራ ስምንት ዓመት ያገለገሉ፣ ተሰደው እዚህ ከመጡ በኋላ አውቶቡስ ሲነዱ ኖረው ጡረታ የወጡ ሰው ነበሩ። ዘመዳችን አይደሉም። አባቴ ለአገሩ እንግዳ በነበረ ጊዜ ቅጽ የሞሉለት፣ የመጀመሪያውን ካፖርት የሰጡት፣ ቤት እስኪያገኝ ሮግስቬድ ባለችው አንድ ክፍላቸው ያስተኙት እሳቸው ናቸው። ስለዚህ አባቴ ጋሽ ወርቁ ያሉትን አይቃወምም ነበር። የጀልባው ነገር እስኪመጣ ድረስ።

ነገሩን የጀመረው ቤንግት ነው። ቤንግት ከአባቴ አጠገብ ቆሞ ለብዙ ዓመት ሲበይድ የኖረ፣ በቀን አሥር ቃል የማይናገር ስዊድናዊ ነበር። ከሶደርተልየ ወደ ደቡብ፣ በጨዋማው ባሕር በኩል፣ ሸምበቆ በከበባት ትንሽ የባሕር ጉያ ዳር የበጋ ጎጆ አለው። አንድ ቀን ለአባቴ፣ ጀልባ ካመጣህ ከብሪጋዬ አንዱ ጎን ያንተ ነው አለው። ብሪጋ ጀልባ የሚታሰርበት፣ ውሃው ላይ የተዘረጋ የእንጨት መረማመጃ ነው። እዚህ አገር ለእንዲህ ያለ ቦታ ሰው ዓመታት ወረፋ ይጠብቃል። አባቴ ሎተሪ እንደወጣለት ሰው ሆኖ ቤት ገባ።

ቅዳሜ ዕለት ጋሽ ወርቁ እንደ ልማዳቸው በቱነልባና፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ሲመጡ አባቴ ነገራቸው። የጠየቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እዚያ ውሃው ምን ያህል ይጠልቃል። አባቴ ከቤንግት ሰምቶ ስለነበር፣ አንድ ሜትር ከሃያ አላቸው።

«ታደሰ፣ እሱ ባሕር አይደለም» አሉ ጋሽ ወርቁ። «የልብስ መዘፍዘፊያ ነው።»

ጸደያችን በዚህ ንግግር ተበላሸ።

እኔ መጀመሪያ ነገሩ ስለ ጀልባ መሆኑንም አላወቅኩም። ስዊድኖቹ ያንን ብረት «ሾል» ይሉታል። አባቴ ሾል ማለት አልሆንልህ ብሎት «ሹል» ይላል፤ ሹል ደግሞ በስዊድንኛ ጉርድ ቀሚስ ነው። ክፍሌ ሆኜ የቤት ሥራዬን ስሠራ ከሳሎን የሚመጣው ወሬ እንዲህ ነበር። አጭር ሹል ያላት ትሻላለች ይላል አባቴ። ረጅም ሹል የሌላትን እኔ አላምናትም ይላሉ ጋሽ ወርቁ። አባቴ፣ ቆሜ ሳላያት አልወስንም ይላል፤ ዕድሜዋ ገፋ ቢል ግድ የለኝም፣ በደንብ የተያዘች ትሁን እንጂ ይላል። እማዬ በመካከላቸው ሻይ ታቀርባለች።

አባቴ ሁለተኛ ሚስት ሊያመጣ ነው ብዬ ደመደምኩ። ያልተስማሙት በቀሚሷ ርዝመት ላይ ብቻ ነው። ይህን ይዤ ሁለት ሳምንት ኖርኩ። እማዬ ሳህን ስታጥብ ፊቷን እያየሁ በትዕግሥቷ እገረም ነበር። ሴትዮዋን ሊያዩ የሚሄዱበት ቀን ሲደርስ የአባቴን ጥሩ ጫማ ወስጄ ከቆሻሻ ልብስ ቅርጫት ሥር ደበቅኩት። ፈልጎ ፈልጎ ሲያጣው የፋብሪካ ጫማውን አጠለቀና፣ ማሕሌት፣ አንቺም ነይ፣ ቋንቋ ትረጂናለሽ አለኝ። ለእንጀራ እናቴ ላስተረጉምላት ነው ብዬ መኪና ውስጥ አለቀስኩ።

ከአንድ የሽቦ አጥር ጀርባ ሰማያዊ ጀልባ በእንጨት ላይ ቆማ ነበር። አባቴ ለባለቤቷ እጁን ዘረጋና በትልቅ አክብሮት፣ ጉርድ ቀሚሷ ምን ያህል ይረዝማል ብሎ ጠየቀው። ሰውዬው መጀመሪያ ጀልባዋን አየ፣ ከዚያ እኔን አየኝ፣ ከዚያ የጀልባዋን ጎን ተደግፎ እስኪደክመው ሳቀ። ገባኝ። ከእፎይታ የተነሳ እንደገና አለቀስኩ፤ አባቴ ብርዱ ነው ብሎ ኮፍያዬን ጆሮዬ ድረስ ሳበው። ከዚያ ቀን ጀምሮ ሾልን ከሹል መለየት በመቻሌ አስተርጓሚ ሆኜ ተሾምኩ። ሻጮች ጋር የምደውለው እኔ፣ ማስታወቂያ የማነበው እኔ፣ ስንት ውሃ ትፈልጋለች ብዬ የምጠይቀው እኔ።

በአንድ ወር ውስጥ የማባዛት ሰንጠረዥ በቅጡ ሳላውቅ የጀልባ እግር አወቅኩ። ረጅም ጥልቅ እግር ያላት ጀልባ ነፋስ ቢገፋት እንኳ ወደ ጎን አትንሸራተትም፤ ከታች ያለው ክብደት ዘምማ ልትወድቅ ስትል መልሶ ያቆማታል። ግን ጥልቅ ውሃ ትፈልጋለች፤ የቤንግት ብሪጋ አትደርስም። ሰሌዳ የመሰለ እግር ያላት ደግሞ ጥልቅ ውሃ ላይ ታወርደዋለች፣ ዳር ስትደርስ በገመድ ወደ ሆዷ ትሰበስበዋለች። አባቴ የሚወዳት እሷን ነው። ሁለት አጫጭር ከባድ እግሮች ግራና ቀኝ ያሏት ዓይነትም አለች። መጋቢት ላይ አንዷን አይተናት ሁለቱም አብረው ሳቁ። ጋሽ ወርቁ ዶሮ ናት አሉ፣ አባቴ በዚህ ብቻ ተስማማላቸው።

እማዬ አንድ ነገር ብቻ ነበር የጠየቀችው፤ ልጄ ዋና ሳትችል ጀልባ ላይ አትወጣም አለች። የዋና ትምህርት ቤት ራሷ አስመዘገበችኝ፣ ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት። ጀልባ የሚታየውም ቅዳሜ ጠዋት አራት ሰዓት ነው። አባቴ በየሳምንቱ፣ ዛሬን ብቻ ይላታል። እሷም የመዋኛ ልብሴን ቦርሳ ይዛ በር ላይ ቆማ «ዋናው ዋና ነው» ትላለች። ሁለቱ ወንዶች ጫማቸውን እያሰሩ አዎ፣ አዎ ይላሉ። ዋና እንድማር የተፈለገው ለጀልባው ነበር፤ በጀልባው ምክንያት ዋና አልተማርኩም። ይህን ለማንም ማስረዳት አልቻልኩም።

አንድ ቅዳሜ ጋሽ ወርቁን የቤንግት ልኬት አላሳመናቸውም። ውሃው በረዶ ሆኖ ስለነበር በላዩ እየተራመድን ራሳችን እንለካለን አሉ። አባቴ በረዶ መብሻ ተዋሰ፤ ሦስታችን ወደ ቤንግት ጉያ ሄድን። አባቴ ይበሳል፣ ጋሽ ወርቁ ጫፉ ላይ ብረት የታሰረበት ገመድ ያወርዳሉ፣ እኔ በእርሳስ እጽፋለሁ። አንድ ሜትር ከሃያ። ከብሪጋው ወደ ውጭ አሥር እርምጃ ሄደው ሌላ አስበሱ። አንድ ሜትር ከሃያ አምስት። ሦስተኛው አንድ ከሃያ። ጋሽ ወርቁ በረዶው ውሃውን ተጭኖት ነው አሉ። አባቴ በረዶ ውሃ አይጫንም፣ ይንሳፈፋል አለ። ለዚህ ክርክር ሲባል ሰባት ጉድጓድ ተበሳ። ቤንግት ከጎጆው መስኮት ቡና እየጠጣ ያየን ነበር። እጄ ደንዝዞ ሰባቱንም ቁጥሮች መልሼ ማንበብ አቃተኝ፣ ግን ምን ያደርጋል፣ ሁሉም አንድ ናቸው። እግሬን እስከ ማግስቱ አላገኘሁትም።

ጸቡ የመጣው ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ ነው። አባቴ የልቡን ጀልባ አገኘ፤ እግሯን የምትሰበስብ፣ ነጭ፣ ንጹሕ። ገመዱን እየሳበ ሰሌዳውን ሲያወጣና ሲያወርድ ፊቱ የልጅ ፊት ሆኖ ነበር። ጋሽ ወርቁ በጥሩ ካፖርታቸው ቅልጥ በረዶ ላይ በጀርባቸው ተኝተው ከሥር ሲያዩ ቆዩና ተነሡ። በባሕር ላይ እግሯን የምትሰበስብ ጀልባ፣ ችግር ሲመጣ እግሬ አውጪኝ የምትል ናት አሉ። አባቴ ታገሠ። «የኔ አባት ዕድሜውን ሙሉ ምንም እግር በሌላት ታንኳ ሐይቁን ሲያቋርጥ ኖሯል» አለ።

«ታንኳ ጀልባ አይደለም» አሉት። «የታሰረ ደንገል ነው።»

አባቴ ገመዱን ለቀቀው። ሰሌዳው ጓ ብሎ ወረደ። አያቴ ያቺን ታንኳ በጀርባው ተሸክሞ ፀሐይ ላይ ሲያደርቃት የነበረ ሰው ነው፤ አባቴም በዚያ እንጨት ገንዘብ ፊደል የቆጠረ። ሻጩን አመሰገነ፣ መኪናውን አስነሣ፣ ሻርሆልመን ቱነልባና ደጃፍ ሲደርስ አቆመና ጋሽ ወርቁን አወረዳቸው። ምሳ ይግቡ አላላቸውም። በቤታችን ታሪክ እንዲህ ያለ ነገር ተደርጎ አያውቅም። ጋሽ ወርቁ በሩን ዘግተው፣ ካፖርታቸው ጀርባው እንደረጠበ፣ ወደ መወጣጫው ሄዱ።

ከዚያ በኋላ ሦስት ቅዳሜ አልመጡም። እኔ ሦስቱንም የዋና ትምህርት ሄድኩና ደስ ሊለኝ በተገባ ነበር። ግን አባቴ ቤት ውስጥ ማስታወቂያ እያተመ ዙሪያውን በእስክሪብቶ እየከበበ ይቀመጣል፣ የሚከራከረው ሰው ስለሌለ ከራሱ ጋር ይከራከራል። ደውልላቸው ብትለው እማዬ፣ እሳቸው ይደውሉ አለ። እሳቸው ትልቅ ሰው ናቸው ብትለው፣ ለዚህ ነው እሳቸው መጀመር ያለባቸው አለ። እማዬ ወደ ጣሪያው አየች።

እማዬ አረጋውያንን ቤት ለቤት እየሄደች የምትረዳ ሠራተኛ ነበረች፤ ከምትሄድባቸው ቤቶች አንዱ ሮግስቬድ፣ ጋሽ ወርቁ ያሉበት ሕንጻ ነው። በፋሲካ ማግስት ድፎ ዳቦ በጨርቅ ጠቅልላ እኔን እሳቸው ዘንድ ተወችኝና ላይኛው ፎቅ ወዳሉት ሴትዮ ወጣች። የጋሽ ወርቁ ክፍል አልጋው ሳንቲም ብትጥልበት የሚነጥር ዓይነት ተወጥሮ የተነጠፈ ነበር። ግድግዳው ላይ የዚህ አገር ዳርቻ የባሕር ካርታ ለጥፈዋል። ጠጋ ብዬ ሳይ የቤንግት ጉያ በእርሳስ ተከብቧል።

ያስቀየሙን ሰው መሆናቸውን ላስታውሳቸው ብዬ ጥግ ላይ ተቀመጥኩ። ዳቦውን ቆርሰው ሰጡኝ። በልቼ ስጨርስ፣ አጭር እግር ያላትን ለምን እንደሚጠሏት ጠየቅኳቸው። ግማሹን በስዊድንኛ ነው የጠየቅኩት፤ እሳቸው በአማርኛ መለሱልኝ።

«ምጽዋ ሳለን ቁስለኛ እናመላልስ ነበር» አሉ። «ከዳር ወደ ትልቁ መርከብ። ጀልባዋ ሆዷ ጠፍጣፋ ነው። አንድ ቀን ነፋስ መጣ፣ ዘመመች፣ ከዚያ አልተመለሰችም። እግር ያላት ትመለሳለች። ኃይሉ የሚባል ጓደኛ ነበረኝ። ከሥሯ ቀረ።»

እጃቸውን ጠረጴዛው ላይ ገልብጠው አሳዩኝ፤ መዳፋቸው ወደ ላይ። ከዚያ ለአባትሽ እንዳትነግሪው፣ ያዝንልኝና ረጅሟን ይገዛል፤ በሐዘን ጀልባ አይገዛም አሉኝ።

ሁለት ቀን ቻልኩ። በሦስተኛው ቀን አባቴ ከትምህርት ቤት ወስዶኝ ስንሄድ መኪና ውስጥ ነገርኩት። በስዊድንኛ ነገርኩት፤ ከሥሯ ቀረ የሚለውን በአማርኛ ለአባቴ ለማለት አፌ እምቢ አለኝ። አባቴ የእኛን መውጫ አለፈው። ቀጣዩንም አለፈው። ሶደርተልየ ደርሰን ነው የተመለስነው።

በዚያው ቅዳሜ እኔንም እማዬንም ይዞ ሮግስቬድ ሄደ። እርቁ የሁለት ደቂቃ ነበር፤ ጋሽ ወርቁ ስለ ታንኳዋ ይቅርታ ጠየቁ፣ አባቴ ስለ ምሳው። እፎይ ብዬ ኮቴን አወለቅኩ። ከዚያ አባቴ፣ አስቤበት ነበር፣ ረጅም እግር ያላትን እንገዛለን፣ የቤንግት ቦታ ይቅር አለ። ጋሽ ወርቁ ቀና አሉ። እሳቸውም አስበውበት ነበር። ሰው በደስታ የሰጠን ቦታ አይገፋም፤ እግሯን የምትሰበስበው ነጯ ትገዛ አሉ።

አባቴ፣ የለም፣ እግሯን የምትሰበስብ ጀልባ ችግር ሲመጣ አትታመንም አለ። ጋሽ ወርቁ፣ ጥልቅ እግር ይዘህ በዚያ ውሃ ምን ልታደርግ ነው፣ አንድ ሜትር ከሃያ እኮ ነው አሉ። አባቴ፣ በረዶ ተጭኖት ይሆናል አለ። እኔ ይህን በጆሮዬ ሰማሁ። አራት ወር የተከራከሩበትን ቃል በሙሉ ተለዋውጠው፣ አንዱ የሌላውን ልብስ ለብሶ፣ ከመጀመሪያው ጀመሩት። እንዳሉት ይሁን ይላል አባቴ። አይሆንም፣ እንዳልከው ይሁን ይላሉ። ይሉኝታው ከጭቅጭቁ የባሰ ሆነ፤ በጭቅጭቁ ጊዜ ቢያንስ አንዱ ሊያሸንፍ ይችላል።

እንዲህ ሲባባሉ ሁለት ሰዓት አለፈ። ተነሣሁና፣ ቤት ውስጥ ሙሉ ዐረፍተ ነገር በአማርኛ የማልናገረው ልጅ፣ ወይ ግዙ ወይ ተዉት አልኩ። ዞረው አዩኝ። ካልሲ ስትጠግን የነበረችው እማዬ ቀና ሳትል ተናገረች።

«ያቺ ሁለት እግር ያላት ምን ሆነች? ሁለታችሁም የጠላችኋት?»

ውሃ ብዙ አትፈልግም፣ ዘጠና ሳንቲ ነው ብላ ማሕሌት አንብባልናለች አለች። በእግሮቿም ክብደት አለ። ሁለቱም ተያዩ። እኔ ይህንኑ የካቲት ላይ ማስታወቂያዋን ሳነብ፣ ከዚያ እንደገና መጋቢት ላይ ስናያት ተናግሬ ነበር፤ ማንም አልሰማኝም። አሁንም ያሸነፈችው ስለምትሻል አልነበረም። እሷ ከተገዛች ከሁለቱ አንዱም ስለማይሸነፍ ነው።

ግንቦት ላይ ተገዛች። ሻጯ ጡረታ የወጡ አስተማሪ ነበሩ፤ አትፈጥንም ግን ትቆማለች ብለው ቁልፉን ለእኔ ሰጡኝ። ጋሽ ወርቁ እንደፈሩት በነፋስ ወደ ፊት ስንሄድ ወደ ጎን ትንሸራተታለች። መሪውን ለማንም አያስይዙም፤ እየያዙ ያማርራሉ። አባቴ ሸራውን ቢስብ በዛ፣ ቢለቅ አነሰ ይሉታል። እኔ ዋና ስላልቻልኩ እማዬ የሕይወት ጃኬት አገጬ ድረስ አስራልኝ፣ በሁለቱ መካከል ተቀምጬ፣ ለዚህ ነው ወይ እላለሁ።

ሰኔ ላይ መጀመሪያ ጊዜ ወደ ቤንግት ጉያ ወሰድናት። እማዬ ምሳ ይዛ በመኪና ቀድማን ከቤንግት ጋር ብሪጋው ላይ ቆማ ነበር። አየሩ ለሳምንት ያህል ጸጥ ያለ፣ ሰማዩ ጥርት ያለ ነበር፤ እንዲህ ሲሆን ባሕሩ ከዳርቻው እንደሚሸሽ ቤንግት ያውቃል፣ ግን የዕለቱን አሥር ቃል ቀድሞ ጨርሷል መሰለኝ አልነገረንም። ከብሪጋው ሠላሳ እርምጃ ያህል ሲቀረን ጀልባዋ እንደሚያዛጋ ሰው ለስለስ ብላ ቆመች። አልዘመመችም። በሁለት እግሯ ደለሉ ላይ ቀጥ ብላ ተቀመጠች። አባቴ በመቅዘፊያው መለካት ጀመረ። ሰባ አምስት ሳንቲ። ሁለቱም እንደገና ሊለኩ ነው ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ቤንግት እስከ ደረቱ የሚደርስ የላስቲክ ሱሪ አጥልቆ በውሃው ውስጥ ተራምዶ መጣ። የጀልባዋን ጎን በእጁ መታ መታ አደረገ፤ ነፋሱ ከሰዓት ይዞራል፣ ውሃው ይመለሳል፣ መጠበቅ ነው አለና የእማዬን የምሳ ዕቃ አቀብሎን ተመለሰ። ከዚያ ጎጆው ፊት ለፊት ሣር ማጨድ ጀመረ።

በላን። ሻይ ቀዳሁላቸው። ነፋስ የለም፣ የሚስተካከል ሸራ የለም፣ የሚከራከሩበት ነገር አጡ። ጋሽ ወርቁ ከጀልባዋ ጎን ወደ ታች፣ ውሃው ውስጥ ያለውን ጭቃ ሲያዩ ቆዩ። ከዚያ አባቴን ሳያዩት ጀመሩ። ነግራሃለች አይደል አሉት። አባቴ አዎ አለ። እኔ ጆሮዬ ጋለ።

«ለሕፃን የሚነገረውን ነው የነገርኳት» አሉ። «ጀልባዋን የመረጥኩት እኔ ነኝ። ሁለት ነበሩ። ጥልቋ ወደ ዳር አትጠጋም። ቁስለኞቹ ውሃ ውስጥ ተራምደው ሊመጡ አይችሉም። ጠፍጣፋዋ ትሁን አልኩ። ኃይሉ ጥልቋን ይዘን እንሂድ ብሎኝ ነበር፤ አለቃው እኔ ነኝ ብዬ ዘጋሁት።»

አባቴ ብርጭቆውን አስቀመጠ። ብዙ አሰበ። ያኔ አባቴ ሲያስብ እንደሚሳሳት እርግጠኛ ነበርኩ፤ ሊያጽናናቸው ነው፣ እሳቸውም ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅኩ።

«በጥልቋ ሄዳችሁ ቢሆን ቁስለኞቹን ማን ያወጣቸው ነበር?» አለ።

«ማንም።»

«እንግዲያው ትክክል መርጠዋል፣ ጋሽ ወርቁ።»

«አዎ» አሉ። «ትክክል መርጬ ነው የሞተው።»

አባቴ ተነሥቶ አጠገባቸው ሄዶ ተቀመጠ። ትከሻቸው ተነካካ። እኔ እስከዚያ ቀን ድረስ ጋሽ ወርቁ ስለ ብረት ሲከራከሩ የነበረ ይመስለኝ ነበር። አምስት ወር ሙሉ ከኃይሉ ጋር ሲነጋገሩ፣ ቆይተውም ቢሆን አንተ ያልከው ይሁን ሲሉት ከርመው ኖሯል፤ እኛ በመካከል ገብተን ነው። ይህ ዛሬ ነው በቃል የሚመጣልኝ፤ ያኔ የገባኝ ሻይ ጨምሬ መቅዳት እንዳለብኝ ብቻ ነው።

ወደ አሥር ሰዓት ላይ ሸምበቆው በሌላ በኩል መጎንበስ ጀመረ። ነፋሱ ዞረ። ውሃው ሲጨምር አይታይም፤ የታወቀን ብርጭቆው ውስጥ ያለው ሻይ ወደ አንድ ወገን ሲያጋድል ነው። ጀልባዋ ከደለሉ ተላቀቀች። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ከመሪው ላይ አነሡ።

«ታደሰ፣ አንተ ያዝ» አሉ።

አባቴ መሪ ይዞ አያውቅም ነበር። ወደ ግራ ማለት ሲገባው ወደ ቀኝ አለ፤ የጀልባዋ አፍንጫ ሸምበቆው ውስጥ ገባ። ጋሽ ወርቁ አፋቸውን ከፈቱ። አየኋቸው፤ ቃሉ ጥርሳቸው ድረስ መጥቶ ነበር። መልሰው ዘጉት። አባቴ ከሸምበቆው ወጣ፣ አሁን ደግሞ ወደ ግራ አበዛ፣ ብሪጋውን አለፈው፣ ዞረ፣ እንደገና መጣ። ጋሽ ወርቁ እጃቸውን ጉልበታቸው ላይ አጣምረው፣ ዓይናቸውን ከሱ ሳይነቅሉ ተቀመጡ። በሦስተኛው ጊዜ ጀልባዋ ብሪጋውን ጠንከር አድርጋ መታችው፤ እማዬ ጎንበስ ብላ ገመዱን ከእጄ ተቀበለች።